በሥዕል የሚመሰክር ፊልም፦ የባሕር ማዶ ጉዞ በአኒሜሽን ዘጋቢ ፊልም እንዴት ይተረካል?

ጅማ ውስጥ ባሕር ማዶ ደርሶ የተመለሰ ሰው የሌለበት ሰፈር ማግኘት ይከብዳል። በመርካቶም ሆነ በኮቺ፣ በፈረንጅ አራዳም ሆነ በአጂፕ፣ ስለ ጂዳ፣ ስለ ቤሩትና ስለ ዱባይ ልክ ስለ ሂርማታ ገበያ የሚያወሩ ያህል አብጠርጥረው የሚያወሩ ሴቶችና ወንዶች አሉ። ሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ፣ የዚህ አካባቢ ልጆችም ከተመላሾቹ መካከል ነበሩ። ይህ ሁሉ ጉዞ ግን በቡና ሰዓት ይወራል እንጂ በምስል የተቀመጠው እጅግ ጥቂት ነው። ሰው ሠርጉንና ምርቃቱን ያስቀርጻል፤ በሰው ቤት ኩሽና ያሳለፈውን ዓመት ወይም በአየር ማረፊያ ወረፋ ላይ የተሰማውን ፍርሃት የቀረጸለት ካሜራ የለም።

ይህ ጽሑፍ የሚያብራራው ያንን ክፍተት ሊሞላ ይችላል ብዬ የማምንበትን የፊልም ዓይነት ነው፤ ይኸውም በአኒሜሽን የሚሠራ ዘጋቢ ፊልም ነው። ስሙ ሲሰማ እርስ በርሱ የሚጋጭ ይመስላል። ዘጋቢ ፊልም ሲባል በእርግጥ የተፈጸመን ነገር የሚያሳይ ሥራ ወደ አእምሯችን ይመጣል፤ አኒሜሽን ሲባል ደግሞ እንስሳት የሚናገሩበት የልጆች ተረት። ሁለቱ ሲገናኙ ምን እንደሚፈጠር ለመረዳት ሁለቱንም ቃላት ከለመድናቸው ትርጉም ትንሽ ማላቀቅ ያስፈልጋል።

አኒሜሽን የታሪክ ዓይነት አይደለም፤ የአሠራር ዘዴ ነው። ማንኛውም ፊልም በፍጥነት የሚፈራረቁ የቆሙ ምስሎች ክምችት ሲሆን፣ በሲኒማ የተለመደው ፍጥነት በሰከንድ 24 ምስል ነው። በተለመደው ቀረጻ እነዚህን ምስሎች ካሜራው ራሱ ከፊቱ ካለው እንቅስቃሴ ይሰበስባቸዋል። በአኒሜሽን ግን እያንዳንዱ ምስል ለብቻው ይሠራል፤ ይሣላል፣ ከጭቃ ይቀረጻል፣ ከወረቀት ተቆርጦ ይደረደራል፣ ወይም በኮምፒውተር ይዘጋጃል። ብዙ ሠሪዎች አንዱን ሥዕል ለሁለት ምስል ስለሚጠቀሙበት፣ ለአንድ ሰከንድ 12 ሥዕል ይበቃል፤ ዓይናችንም የጎደለውን ሞልቶ እንቅስቃሴ አድርጎ ይቀበለዋል።

ዘጋቢ ፊልምም ቢሆን የካሜራ ሌላ ስም አይደለም። ዘጋቢ የሚያሰኘው ስለዚህችው ስለምንኖርባት ዓለም፣ በእርግጥ ስለኖሩ ሰዎችና ስለተፈጸሙ ነገሮች መናገሩ፣ ይህንንም ለተመልካቹ ቃል ገብቶ መቅረቡ ነው። እንግዲህ አንድ ፊልም ምስሉ ተራ በተራ በእጅ የተሠራ፣ ነገሩ ግን ከእውነተኛው ዓለም የተወሰደ ከሆነ፣ አቅራቢውም «ይህ የሆነ ነገር ነው» ብሎ ኃላፊነት ከወሰደ፣ የአኒሜሽን ዘጋቢ ፊልም ይባላል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1915 እ.ኤ.አ. ግንቦት ወር ሉሲታኒያ የተባለችው የብሪታንያ መንገደኞች መርከብ በአየርላንድ ደቡባዊ ባሕር ላይ በጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ተመትታ በ18 ደቂቃ ውስጥ ስትሰጥም፣ ወደ 1,200 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ። አደጋውን የቀረጸ ካሜራ አልነበረም። አሜሪካዊው ሠዓሊ ዊንዘር ማኬይ ከረዳቶቹ ጋር ሆኖ በሺዎች የሚቆጠሩ ሥዕሎችን ሣለና በ1918 እ.ኤ.አ. 12 ደቂቃ ያህል የሚረዝም ፊልም አድርጎ አቀረበው። ከመቶ ዓመት በፊት የተሠራው ይህ ሥራ የዘርፉን ኃይልም አደጋም አብሮ ያሳያል። ኃይሉ ማንም ያልቀረጸውን ማሳየቱ ነው። አደጋው ደግሞ ፊልሙ በጦርነት ጊዜ በጀርመን ላይ ቁጣ ለመቀስቀስ የተሠራ መሆኑ ነው፤ የሠዓሊው እጅ የሚያዝነውን ያህል ሊቀሰቅስም እንደሚችል ማስታወስ ይገባል።

ለመሆኑ ይህ ዘዴ ከጉዞ ጋር እንዲህ የሚስማማው ለምንድን ነው? የመጀመሪያው ምክንያት ቀላል ነው፤ ካሜራ ያልነበረበት ቦታ ነው። ሁለተኛው ከዚህ ይከብዳል። ከስደት ተመልሳ ጎረቤቶቿ መካከል የምትኖር ሴት የደረሰባትን ስትናገር ፊቷ እንዲታይ ላትፈልግ ትችላለች። በተለመደው ዘጋቢ ፊልም መፍትሔው ፊቷን ማደብዘዝ ወይም በጨለማ ውስጥ ማስቀመጥ ነው፤ ይህ ግን ምንም ያላጠፋችውን ሴት ወንጀለኛ ያስመስላታል። ሥዕል ሌላ ፊት ይሰጣታል፤ የሚያዝን፣ የሚስቅ፣ ወደ ተመልካቹ ቀጥ ብሎ የሚያይ ፊት። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ልማድ ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት ሲሣሉ፣ ክፉዎች በጎን በአንድ ዓይን እንደሚሣሉ ልብ ይሏል። ፊት እንዴት መታየት እንዳለበት የሚያስብ ሰው የሚያስበው ስለ ሰውየው ክብር ነው።

ሦስተኛው ምክንያት እኔን ከሁሉም በላይ የሚስበኝ ነው፤ ጉዞ በውስጥ የሚደርስ ነገር መሆኑ። ካሜራ የቤሩትን ጎዳና ሲቀርጽ ጎዳናውን ይቀርጻል፤ ጎዳናው ለመጀመሪያ ጊዜ ለመጣች የጅማ ልጅ ምን እንደመሰላት ግን አይቀርጽም። የሱቆቹ ጽሕፈት ለካሜራው ጽሕፈት ነው፤ ለእሷ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ትርጉም የሌለው የመስመር ጥልፍልፍ ነበር። ሥዕል ያንን ጥልፍልፍ እንደ ጥልፍልፍ ሊያሳየው ይችላል፤ ከዚያም ቋንቋውን እየለመደች ስትሄድ፣ ከጥልፍልፉ መካከል አንድ ቃል፣ ቀጥሎም ሌላ ቃል ቀስ በቀስ እየጠራ እንዲወጣ ሊያደርግ ይችላል። ሕንጻዎቹ ከእውነተኛ ቁመታቸው በላይ ቢረዝሙ፣ የአሠሪዋ ቤት በር ከሌላው ሁሉ ነገር ገዝፎ ቢታይ፣ ሠዓሊው የዋሸ አይመስለኝም፤ የተነገረውን ስሜት በመጠን አስቀመጠው እንጂ። የሰው ትዝታም የሚሠራው እንዲሁ ነው፤ አንዱን ነገር አግዝፎ፣ ሌላውን አደብዝዞ፣ ሦስተኛውን ጨርሶ ባዶ ትቶ።

ይህን በደንብ ካሳዩ ሥራዎች አንዱ ዴንማርካዊው ዮናስ ፖኸር ራስሙሰን የሠራውና በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ ከካቡል ሸሽቶ በሞስኮ በኩል ዴንማርክ የገባን ሰው ታሪክ የሚተርከው ፊልም ነው። ባለታሪኩ አሚን በሚል የሽፋን ስም ይጠራል፤ ከዳይሬክተሩ ጋር ከወጣትነታቸው ጀምሮ ወዳጆች ናቸው። ዳይሬክተሩ ሲጠይቀው አጋድሞ፣ ዓይኑን አስጨፍኖ፣ ያለፈውን ነገር አሁን እየሆነ እንዳለ አድርጎ እንዲናገር አደረገው፤ «ቤቱ እንዴት ነበር?» ሳይሆን «አሁን ምን ይታይሃል?» እንደማለት ነው። እንዲህ ሲጠየቅ የሰው አንደበት የመደምደሚያ ሐሳብ ሳይሆን የግድግዳ ቀለም፣ የመስኮት ቦታና የእግር ድምፅ ያወጣል፤ ለሠዓሊ የሚጠቅመውም ይኸው ነው። በፊልሙ ውስጥ በደንብ የሚታወሰው ነገር በዝርዝርና በቀለም ተሥሏል፤ እጅግ የሚያስፈራው ወይም ባለታሪኩ ራሱ ያላየው ደግሞ በከሰል እንደተጫረ ንድፍ ፊት አልባና ቀለም አልባ ሆኖ ያልፋል። ተመልካቹ ሳይነገረው የትኛው በዓይን የታየ፣ የትኛው በፍርሃት የታሰበ እንደሆነ ይለያል። ፊልሙ በ2022 እ.ኤ.አ. በኦስካር ሽልማት በምርጥ አኒሜሽን፣ በምርጥ ዘጋቢ ፊልምና በምርጥ ዓለም አቀፍ ፊልም በአንድ ጊዜ በሦስት ዘርፍ የታጨ የመጀመሪያው ሥራ ሆኗል።

ከዚያ ቀደም ብሎ በ2008 እ.ኤ.አ. እስራኤላዊው አሪ ፎልማን በ1982ቱ የሊባኖስ ጦርነት ወታደር ሆኖ ያሳለፈውን፣ ነገር ግን ከአእምሮው የጠፋበትን ጊዜ ፍለጋ የሠራው ፊልም ሙሉ ርዝመት ላለው የአኒሜሽን ዘጋቢ ፊልም በር ከፍቷል። ብዙ ሰው ፊልሙ በሮቶስኮፕ፣ ማለትም በተቀረጸ ቪዲዮ ላይ እየተከተሉ በመሣል የተሠራ ይመስለዋል፤ ያንን ዘዴ ማክስ ፍላይሸር በ1910ዎቹ የፈለሰፈው ሲሆን የፎልማን ፊልም ግን ቃለ መጠይቆቹ በቪዲዮ ከተቀረጹ በኋላ እንደ አዲስ የተሣለ ነው። መጨረሻው ላይ ሥዕሉ ይቆምና በቤሩት በሳብራና ሻቲላ የፍልስጤማውያን ስደተኞች መጠለያዎች በዚያ ጦርነት ከተፈጸመው ጭፍጨፋ በኋላ የተቀረጸ እውነተኛ ምስል ይመጣል። ይህን ውሳኔ አከብረዋለሁ። ሥዕል ለትዝታ ጥሩ መሸሸጊያ ነው፤ ሠሪው ግን ሬሳ ላይ ሲደርስ መሸሸጊያውን ገፈፈው።

ከእንዲህ ያሉ በእጅ የሚሠሩ ፊልሞች አንዳንዶቹ «የሙከራ» ይባላሉ፤ ይህ ቃልም ማብራሪያ ይፈልጋል። የሙከራ ፊልም ማለት ያልተጠናቀቀ ወይም የተማሪ ሥራ ማለት አይደለም። ሠሪው የተለመደውን መንገድ ትቶ፣ የሚጠቀምበት ቁስ ራሱ ትርጉም እንዲናገር የሚያደርግበት ሥራ ነው። ደቡብ አፍሪካዊው ዊሊያም ኬንትሪጅ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስለ ጆሃንስበርግ በሠራቸው ፊልሞች ለእያንዳንዱ ምስል አዲስ ወረቀት አይወስድም። በአንድ ወረቀት ላይ በከሰል ይሥላል፣ ፎቶ ያነሣል፣ ጥቂቱን ይደመስስና እንደገና ይሥላል። ከሰል ተደምስሶ ስለማያልቅ የቀድሞው መስመር ጥላ ሆኖ ይቀራል፤ ሰው ከክፍሉ ሲወጣ የነበረበት ቦታ ግራጫ ሆኖ ይታያል። ያለፈው ነገር አሻራውን ትቶ እንደሚሄድ በቃል መናገር አላስፈለገውም። ካናዳ ውስጥ በብሔራዊ የፊልም ቦርድ የሠራችው ካሮሊን ሊፍ ደግሞ ከታች በበራ መስታወት ላይ አሸዋ በትና በጣቷ እየገፋች ምስል ትፈጥር ነበር። እዚያው የሠራው ኖርማን ማክላረን ፊልሙን ራሱን በመርፌና በቀለም እየጫረ ያለ ካሜራ ምስል አውጥቷል።

እነዚህን የማነሣው የጅማ ሰው ቁስ አጥቶ እንዳይተወው ነው። ከሰል በየቤታችን አለ። የተቆላና የተፈጨ ቡና በመስታወት ላይ ቢበተንና ከታች መብራት ቢደረግለት፣ ወፍራም የሆነበት ይጠቁራል፣ የሳሳበት ቡናማ ሆኖ ብርሃን ያስገባል፤ ከቡና አገር ወጥታ ስለሄደች ሴት በቡና መሣል ደግሞ ከየትም የተዋሰ ጌጥ አይሆንም። አፍሪካዊ ምሳሌ ለሚፈልግም ኒጀራዊው ሙስጠፋ አላሳን በ1966 እ.ኤ.አ. የጉርጦች ሪፐብሊክ ፕሬዝዳንት ለጉብኝት ወደ ሌላ አገር ሲጓዝ የሚያሳይ አጭር አኒሜሽን ሠርቷል። እሱ ልብ ወለድ ነው፤ ነገር ግን ጉዞና በእጅ የተሣለ ፊልም በአህጉራችን ከተገናኙ ብዙ ዘመን መሆኑን ያሳያል።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። የተሣለ ነገር እንዴት ማስረጃ ይሆናል? ፎቶግራፍ ከፊቱ የነበረን ነገር አሻራ ይይዛል፤ ሥዕል ግን ያልነበረውንም ሊሥል ይችላል። ተቃውሞው ትክክል ነው፤ ሊናቅም አይገባውም። መልሱ እንደሚመስለኝ፣ የዚህ ዓይነት ፊልም ማስረጃነቱን ከምስሉ ሳይሆን ከምስክሩ ያገኛል የሚል ነው። ፍርድ ቤት ቀርቦ ያየውን በቃሉ የሚናገር ምስክር ፎቶ ይዞ አልመጣም፤ ቃሉ የሚመዘነው በዝርዝሩ፣ ባለመጋጨቱና የማያውቀውን አላውቅም በማለቱ ነው። የአኒሜሽን ሠሪም እንዲሁ ይመዘናል። እንዲያውም ሥዕሉ «እኔ በሰው እጅ የተሠራሁ ነኝ» እያለ ስለሚታይ፣ ሳይቆራረጥ የቀረበ ከሚመስል፣ ነገር ግን ተመርጦ ከተቀጠለ ቪዲዮ ይልቅ ተመልካቹን ንቁ ያደርገዋል።

ከዚህ የሚመነጩ ግዴታዎች አሉ። ሠሪው ለእያንዳንዱ ትዕይንት ምንጩን በወረቀት መያዝ አለበት፤ ይህ ከአንደበቷ የሰማሁት ነው፣ ይህ ቦታውን በፎቶ አይቼ የሣልኩት ነው፣ ይህ ደግሞ የእኔ ግምት ነው ብሎ። የግምቱ ክፍል በሥዕሉ አሠራር ተለይቶ መታየት ይኖርበታል። ድምፅን በተመለከተ ደግሞ ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር አለ፤ ፊት ተሸሽጎ ድምፅ ካልተሸሸገ፣ እንደ ጅማ ባለ ሰው ከሰው በሚተዋወቅበት ከተማ ባለታሪኳን ጎረቤቷ በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ያውቃታል። ስለዚህ ከፈለገች ቃሏን ሌላ ሰው ያንብበው፤ መነበቡም በፊልሙ መጀመሪያ ላይ ይነገር። ፈቃድ ደግሞ አንድ ጊዜ ተጠይቆ የሚያበቃ ነገር አይደለም፤ ቃሏን ስትሰጥና የተሣለውን ስታይ የሚሰማት ሊለያይ ስለሚችል ሁለቴም ሦስቴም መጠየቅ አለበት።

የሥራውን ብዛት በቁጥር ማየት ይጠቅማል። አምስት ደቂቃ 300 ሰከንድ ነው፤ በሰከንድ 12 ሥዕል ቢታሰብ 3,600 ሥዕል ይሆናል። አንዱ ሥዕል አሥር ደቂቃ ቢወስድ 600 ሰዓት ማለት ነው፤ በቀን ስድስት ሰዓት ለሚሠራ ሰው 100 ቀን። ይህ የሚያስደነግጥ ቢመስልም የሚቀንስባቸው መንገዶች አሉ። በሰከንድ 8 ሥዕል ተጠቅሞ ትንሽ የሚንገጫገጭ እንቅስቃሴ መቀበል ይቻላል፤ ንግግሩ ጠንካራ በሆነበት ቦታ አንድን ሥዕል ለብዙ ሰከንድ ማቆየት ይቻላል፤ ትዝታ የጠፋበት ቦታ ላይ ደግሞ ባዶ ወረቀት ከማንኛውም ሥዕል ይበልጥ ይናገራል። መሣሪያውም እንደ ድሮው ውድ አይደለም። በ2025 እ.ኤ.አ. የምርጥ አኒሜሽን ኦስካር ያገኘው የላትቪያ ፊልም የተሠራው ብሌንደር በተባለ፣ ማንም በነጻ በሚያወርደው ፕሮግራም ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የመስኮት መስታወት ወረቀት ደርቦ ለመሣል ይበቃል፤ ስልክ በእንጨት ላይ ታስሮ እያንዳንዱን ሥዕል ከላይ ፎቶ ሊያነሣ ይችላል።

ከሁሉ በፊት የሚሠራው ግን ድምፁ ነው። ይህን ሳላውቅ ነበር የጀመርኩት። ቤሩት ሠርታ የተመለሰች አክስት አለችኝ፤ ያነሣቻቸው ፎቶዎች በሙሉ ከስልኳ ጋር ጠፍተዋል። የሁለት ደቂቃ ሙከራ ልሠራላት ፈልጌ መጀመሪያ የሣልኩት ያማሩ ትዕይንቶችን ነበር፤ ባሕሩን፣ ፎቆቹን፣ አውሮፕላኑን። ከዚያ ንግግሯን ስቀዳ ስለ ባሕሩ ምንም አልተናገረችም። የተናገረችው ስለ ማደሪያ ክፍሏ ነበር፤ ፍራሹን ስትዘረጋ በሩ እንደማይከፈት፣ መስኮቱ የሚያሳየው የጎረቤት ግድግዳ እንደሆነና፣ በዚያ ግድግዳ ላይ ከሰዓት በኋላ የምታልፈውን የፀሐይ ብርሃን እያየች ጅማ ውስጥ ስንት ሰዓት እንደሆነ ትገምት እንደነበር። የሣልኩትን ሁሉ አስቀምጬ ያንን ግድግዳ ብቻ በከሰል መሣል ጀመርኩ፤ ብርሃኑን የማወጣው ጥቁሩን በዳቦ ውስጠኛ ለስላሳ ክፍል እየጠረግሁ ነበር፤ የጠረግሁበት ቦታ ሁሉ የትናንቱን ብርሃን ጥላ ይዞ ቀረ።

ሠርቼ እንደጨረስኩ ለማንም ከማሳየቴ በፊት እቤቷ ሄጄ በስልኬ አሳየኋት። ሁለት ጊዜ ሳትናገር አየችው። በሦስተኛው ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ፣ «ልጄ፣ በሩ እንዲህ አልነበረም፤ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው። ወደ ውጭ ቢሆንማ ፍራሹ መቼ ይይዘው ነበር?» አለችኝ። ከዚያ ተነሥታ በርጩማውን ወደ ጥግ ገፋችና የክፍሏን ስፋት በእርምጃ ለክታ አሳየችኝ፤ በአንድ በኩል ሦስት እርምጃ፣ በሌላው ሁለት ከግማሽ። ለክቼ የያዝኩትን ይዤ ተመለስኩና ከበሩ ጀምሮ እንደገና መሣል ጀመርኩ።